ልቡ የሚለወጥ ኮምፒውተር

ሰቆጣ፣ የካቲት 3 ቀን 1996፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

አሁንም ተገትሯል። አንዲት ገጽ ማመልከቻ ለማሳየት ይሄን ሁሉ ያጓራል። ባለጉዳዩ ከፃግብጂ ድረስ በእግሩ የመጣ ገበሬ ነው፤ በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። ታሞ ነው እንዴ አለኝ፣ ማሽኑን። አዎ ታሟል አልኩት። ምን ልበል!

ያ የአ/አ ሻጭ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ትንሹን ልግዛ ስል፣ አይ እህቴ፣ ይሄ ትልቁ ወደፊት አለው፣ ዘመን ሲያልፍበት ፕሮሰሰሩን ብቻ አውጥተሽ ሌላ ትከቺበታለሽ፣ ልቡ ነው የሚለወጠው ብሎ አሸከመኝ። አመንኩት። አባባም ሲሰሙ አመኑ። ማረሻ ሲያልቅ ሞፈሩ ይጣላል እንዴ፣ ደህና ዕቃ ነው አሉ።

እዚህ ያለ አንድ የመንግሥት መ/ቤት ሠራተኞቹን በአዲሱ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም የሚያሠለጥንለት ሰው ይፈልጋል። በዚሁ ወር መጥተው ማሽኔን ያያሉ። ፕሮግራሙ በዚህ አዝጋሚ ላይ አይነሳም፤ ሞክሬዋለሁ። ሥልጠናውን ካላገኘሁ ይህች የጽሕፈት ሱቄ ትዘጋለች። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ሥራ እንደሁ አለቀ፣ ጾም ሊገባ ነው። ሱቄ ከተዘጋች ደግሞ አባባ ይመጣሉ፤ ፈት ሴት ብቻዋን ከተማ አትቀመጥም፣ አምደወርቅ እኔ ቤት ግቢ ነው የሚሉት። ከዚያ ቤት ለመውጣት እንዴት እንደለፋሁ አንተ ታውቃለህ፣ ማስታወሻዬ። ሌላ ማን ያውቃል።

የካቲት 6፣ ቅዳሜ

ኪሮስ መጣ። ታላቅ ወንድሜ፣ ባለወፍጮው፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት። ለወፍጮው መለዋወጫ ሊገዛ አ/አ ሊሄድ ነው፤ ፕሮሰሰሩንም ከዚያው ሻጭ አመጣልሻለሁ አለ። ስሙን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ዞሮም አላየው። ያለ ናሙና ዕቃ አይገዛም አለ። ኩሽኔታ ሲሰበርበት ኩሽኔታውን ይዞ ይሄዳል፣ ባለሱቁ ለክቶ ይሰጠዋል፣ እሱ አሮጌውን እዚያው ጥሎ ይመጣል። ወፍጮው የኖረው እንዲህ ነው።

ተከራከርኩት። ይሄ እኮ የሚሠራ ዕቃ ነው፣ ከነቀልኩት ሱቄ ቆመ ማለት ነው አልኩ። ጾም መግቢያ ላይ ማን ይመጣብሻል አለኝ። እውነቱን ነው። ሳጥኑን ከፍቼ ነቀልኩለት። በጋቢው ጫፍ ሊቋጥረው! ኧረ በፈጠረህ፣ እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው ብዬ ጮህኩበት። በሳሙና ካርቶን፣ ከጥጥ ጋር፣ አድርጌ ሰጠሁት።

ካንተ ምን እደብቃለሁ፣ ደስ ብሎኛል።

የካቲት 12፣ ዓርብ

ሱቁ ጭር ብሏል። ያ ማጓራቱ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል። ዛሬ አንድ ዲያቆን የጉባኤ ማስታወቂያ ይዞ መጣ። መናኸሪያው አጠገብ እንደኔ ወደሚጽፈው ሰውዬ ላክሁት። በገዛ አፌ!

መ/ቤቱ ቀን ቆርጧል፤ የካቲት 24 ይመጣሉ። ኪሮስ ከዚያ በፊት ይደርሳል። ይደርሳል።

የካቲት 17፣ ረቡዕ፣ ምሽት 1 ሰ.

ደረሰ። አቧራ ለብሶ ጥርሱ ብቻ ይታያል። ከሁሉ የሚበልጠውን ስጠኝ ብዬ ነው የገዛሁልሽ አለ። አቀፍኩት።

ሳጥኑን ከፈትኩ። አይገባም። አዞርኩት፣ አይገባም። የአዲሱ እግሮች ይበዛሉ፣ አደራደራቸውም ሌላ ነው። እስቲ አሮጌውን አምጣው አልኩ። ሻጩ ጋ ተውኩት አለ። እንደ ኩሽኔታው! አሳይቶ፣ ትልቁን መርጦ፣ አሮጌውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ወጥቷል። አሮጌ ምን ያደርግልሻል ብሎ መልሶ ይጠይቀኛል።

አልጮህኩም። መጮህ ነበረብኝ።

የካቲት 18፣ ሐሙስ

ቴሌ ተሰልፌ ዋልኩ። ሻጩ ተገኘ። ሳቀ፣ አምላክ ይይለት። ወንድምሽ ትልቁን ስጠኝ ሲል የሚሰካበት ማዘርቦርዱም ያለሽ መስሎኝ ነው አለ። አሮጌው በዕለቱ ተሸጧል። የአዲሱ መቀመጫ ተለውጧል፣ ስለዚህ ማዘርቦርዱ ይቀየር። እሱ ሲቀየር ሚሞሪው አይሄድም። የኃይል ማከፋፈያውም አይችለውም። እና ምን ሊቀረኝ ነው አልኩት። ሳጥኑ አለ። ሳጥኑ!

ልቡ ብቻ ይለወጣል ያልከኝስ ስለው፣ ያኔ እንደዚያ ነበር አለ። አምራቾቹ መቀመጫውን በየጊዜው ይቀይሩታል፤ ወደፊትማ ሁሉም ነገር ተጣብቆ ነው የሚመጣው፣ ከፍቶ ማሻሻል የሚባል ነገር ይቀራል አለኝ። ወደፊት አለው ያለኝ ያው አፍ! አንጥረኛ የማረሻ ልክ በየዓመቱ እየቀያየረ ሞፈርህን ጣል ቢል፣ ገበሬው በዱላ ነበር የሚያናግረው። እኛ ግን በቴሌ ተሰልፈን እናመሰግናለን።

አንድ ነገር ግን ሰማሁ። አዲሱን ሳልነካካ ከመለስኩለት፣ ለኔ ማሽን ልክ የሚሆን፣ ካሮጌው ትንሽ የሚፈጥን አለው። ፕሮግራሙን ያስነሳል ብሎኛል። ነገ በአውቶቡስ ከላክሁ ለ24 ይደርሳል። አዲሱን ካርቶኑ ውስጥ አስገብቼ ለኪሮስ አሳየሁት፣ በዚህ አድርገን እንልካለን አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። መላክ ለምን፣ እኔ ያበላሸሁትን እኔ አስተካክላለሁ አለ። የሚያጽናናኝ መሰለኝ።

የካቲት 19፣ ዓርብ

ካርቶኑ ባዶ ነው።

የሱቁ ቁልፍ ኪሮስም ዘንድ አለ። ሮጥኩ። ወፍጮው ቤት የለም። ብየዳ ቤት አገኘሁት። በያጁ ጉጠት ይዟል፣ ኪሮስ ሞረድ ይዟል። የአዲሱን ትርፍ ትርፍ እግር እየነቀሉ ነው፣ ልክ እንዲገባ! ወፍጮ ላይ እኮ ያልገጠመ ይሞረዳል፣ ከዚያ ይገጥማል። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ትንሽ ነው የቀረው አለኝ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። ሰው ተሰበሰበ። ምን እንዳጠፋ አልገባውም ነበር፤ ስነግረው ሞረዱን ጥሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ልጠላው ፈለግሁ። ከባሌ ቤት የወጣሁ ለት በሩን የከፈተልኝ እሱ ብቻ ነው። እንዴት አድርጌ ልጥላው?

የካቲት 24፣ ረቡዕ

መጡ። ሁለት ናቸው። ማብሪያውን ተጫኑ። ዝም። ደግመው ተጫኑ። አዘኑልኝ፤ ከሚያዝኑልኝ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲያው ማሽን ራሳችን እናስመጣለን፣ አንቺ ግን እጅሽ ፈጣን ነው፣ ተቀጥረሽ አስተምሪ አሉኝ። ሱቁ ግን ይዘጋ፤ ቅጥርና ሱቅ አብሮ አይሄድም። የሚያስመጡትን በሥዕል አሳዩኝ። ቀጭን፣ ጥቁር፣ መክፈቻው ላይ እንዳይከፈት ወረቀት የተለጠፈበት። ፕሮሰሰሩ ይለወጣል ወይ አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። አንደኛው ሳቀ። ሲያረጅ ሙሉውን እንጥለዋለን አለ፣ ምን ችግር አለው!

የካቲት 26፣ ዓርብ

አባባ ከአምደወርቅ በቅሎ ይዘው መጡ። ማን እንደነገራቸው እንጃ። ጫኚ ልጄ አሉ፣ ሳይቀመጡ።

አባባ ይቅር ይበሉኝ፣ አልመጣም አልኩ። በኽምጣኛ ተቆጡ፤ ሲብስባቸው አማርኛው ይጠፋቸዋል። ኪሮስ ከበሩ ላይ፣ እሳቸውን ቀና ብሎ አይቶ የማያውቀው ኪሮስ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እሷን ይተዋት አለ። አባባ ወደ በቅሎዋ ዞሩ። በቅሎዋን ሳይጭኑ ሄዱ። አልመረቁኝም።

የካቲት 29፣ ሰኞ

ለመ/ቤቱ እሺ ብያለሁ። ሐሙስ እጀምራለሁ። የሰው ማሽን፣ የሰው ወንበር፣ ግን ሰቆጣ ነኝ። ታፔላዬን ጠዋት አወረድኩ። ኪሮስ ነበር የጻፈልኝ።

እሱ ረፋዱ ላይ መጣ። አይገባም፣ በሩ ላይ ቆሟል። ምንድነው አልኩት። የወፍጮው አሸንዳ ተቀዶ ዱቄት ያፈሳል፣ ያን የሳጥንሽን ላሜራ... አለና ተወው። ሳጥኑን አየሁት። ወደፊት አለው የተባለው እኮ ይሄ ነው። ብሎኖቹን ራሴ ፈታሁና ላሜራውን አሸከምኩት።

ከሰዓት ሄጄ አየሁት። ዱቄቱ በላዩ ይወርዳል፣ ጠብ የሚል የለም። ሞረድ እንኳ አላስፈለገውም። ልክ ገባ።