በአንቴና የተቀዳው ምርቃት

ጥር 9 ቀን 1979

ከሥራ እንደገባሁ እማዬ የምብራትን የሰርግ ቪዲዮ ክፈቺልኝ አለች። እህቴን ልታይ አይደለም… አባዬን ነው። ከሰርጉ በኋላ ሁለት ወር እንኳ አልቆየልንም። ምርቃቱ ጋ ሲደርስ ፊቱ እንደተለመደው ነጭ ነጠብጣብ ብቻ። እማዬ የቴሌቪዥኑን መስታወት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። አቧራ መስሏት።

ጥር 10

የምብራትን አማት ወይዘሮ አሰፋችን ጊዮርጊስ ደጅ አገኘኋቸው። ያንኑ ደገሙት። "አባትሽ ሲመርቅ አንገቱን ደፋ። ልጄን ንቆት ነው።" ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተዋል። ምብራት እዚያ ቤት ይሄን እየሰማች ትኖራለች። ሞቶም አይምሩትም? የኛ ቅጂ እንኳን ንቀት አፍንጫም አያሳይ። ዋናው ካሴት እንዳያልቅ ብለው ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። እሳቸውም የሚያዩት ቅጂውን ነው።

ጥር 11

ጥምቀት። ሱቁ ሁሉ ዝግ። ተናደድኩ።

ጥር 13

ፒያሳ፣ ካሴቱን የቀዳልን ሐዱሽ ሱቅ ሄድኩ። ሁለቱን ዴክ፣ ማጫወቻውንና መቅጃውን፣ በአንቴና ገመድ ነው ያገናኛቸው።

"የሞተ ሰው ፊት አንዳንዴ እንዲህ ነው፣ እህቴ" አለኝ ሐዱሽ።

"ሙሽራዋስ? እሷም ሞታ ነው?"

መሥሪያ ቤት የትምህርት ካሴት ስናባዛ ከቪዲዮ መውጫ ወደ ቪዲዮ መግቢያ በቀጥታ ነው። ጥርት ይላል። በአንቴና ሲሆን ምስሉና ድምፁ አንድ ላይ ተጠቅልለው ይሄዱና እዚያ ይፈታሉ… እንደታጠፈ ልብስ ተጨማድደው። ለቴሌቪዥን አንዴ ቢሆን ደህና። ቅጂ ላይ ሲደገም ግን አባዬን በላው።

"ሁሉም በአንቴና ነው የሚቀዳው። ሌላ ገመድ የለም" አለ።

"ታዲያ ሥራልኝ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ገመዱን እስኪበይደው አልተነሳሁም።

ጥር 14

"ዋናው ከቤቴ አይወጣም" አሉ ወይዘሮ አሰፋች።

"አይውጣ። እኛ እንገባለን።"

ጥር 17

የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ቀረሁ። ቀሪ ብለው ይጻፉኝ።

ሐዱሽ ዴኮቹን ወይዘሮ አሰፋች ሳሎን ዘረጋ። ሣጥኑ ተከፈተ። ምርቃቱ ጋ ደረሰ… ሙሽራው ጎንበስ ብሎ የአባዬን ጉልበት ሳመ። አባዬ ሁለት እጁን የሙሽራው ራስ ላይ ጫነ። አንገቱን ደፋ። ጉንጩ ላይ እንባ።

ንቀቱ የቱ ጋ ነው?

"እስቲ መልሰው" አሉ። ሐዱሽ መለሰው። ወደ ወይዘሮ አሰፋች ዞርኩ።

"ለጎረቤት የነገሩትን፣ ጎረቤት ጠርተው ያሳዩልኝ።"

ምብራት እጄን ያዘችኝ። አልተውኩም፣ መልሳቸውን ጠበቅኩ። "የሚመጣው እሑድ እጠራለሁ" አሉ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ እያዩ።

አዲሱን ቅጂ ታቅፌ ቤት ገባሁና ከፈትኩላት። እማዬ ዛሬም መስታወቱን በነጠላዋ ጠረገችው። የአባዬ ጉንጭ ጋ ብቻ።