ስለ ቅይጡ ሥልጠናዎና ስላልተዘጋው ማይክሮፎናችን

ለተከበሩ የመምህራን ሥልጠና ኃላፊ፣

ጤናዎ፣ ወንበርዎና ኢንተርኔትዎ ሳይቋረጡ እንዲሰነብቱ እየተመኘሁ፣ እኔ በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩ የማታ ተማሪ፣ ለመምህራችን ስላዘጋጁላት ቅይጥ ሥልጠና ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ። ቅይጥ ማለት ገሚሱ በአካል፣ ገሚሱ በስልክ መሆኑን እሷው አስረድታናለች።

አንደኛ፦ መምህራኑን ከየትምህርት ቤቱ ሰብስበው አዳራሽ ካስቀመጡ በኋላ፣ አሠልጣኙ ግድግዳው ላይ በቪዲዮ ብቅ ማለታቸውን ሰምቻለሁ። በአካል የተገኘው ወንበሩ መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፦ የስልኩን ክፍል ልክ በእኛ የትምህርት ሰዓት ላይ ስላደረጉልን እግዜር ይስጥልን። ክፍላችን ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ መምህራችን በር ላይ ካለው ደረጃ ቆማ አንዱን ጆሮዋን ለእርስዎ፣ ሌላውን ለእኛ ሰጥታለች። ሁለት ጆሮ የፈጠረ አምላክ ለካ ይህን ሥልጠና አስቀድሞ አውቆት ኖሯል።

ሦስተኛ፦ ባለፈው ሳምንት፣ ዕድሜ ልኬን በጣት አሻራ ስፈርም የኖርኩት ሴትዮ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ሳልደናቀፍ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ክፍሉ አጨበጨበ፤ አጠገቤ የምትቀመጠው ልብስ ሰፊ ጠረጴዛውን ደበደበችልኝ። ይኼኔ አሠልጣኙ በስልኩ ውስጥ ሆነው፣ እህቴ ያንን የገበያ ጫጫታ አጥፊልን፣ ማይክሮፎንሽን ዝጊ አሏት። የዕለቱ ርእስ የተማሪን ድምፅ ማዳመጥ ነበር። መምህራችን ማይክሮፎኑን ሳይሆን ስልኩን ዘጋችና ገብታ ገጹን እንደገና አስነበበችኝ።

ለዚህ ውለታዋ ከቢሮዎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷታል፤ አንድ ጊዜ ብትደግመው ከማስተማር ትነሣለች፣ ምትክም ስለሌላት ክፍላችን ይዘጋል። መምህርን አሻሽላለሁ ብሎ ከተማሪዎቿ መንጠቅን የእኛ ሰዎች እኩላለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ይሉታል።

ልመናዬ ትንሽ ናት፦ ደብዳቤውን ይሰርዙላት፣ ሰዓቱን ያዛውሩልን። እኔ ዘግይቼ የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ የእርስዎ ቪዲዮ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የእኔ ዕድሜ ግን አይመለስም።

መልስዎን አንገቷን አቅንታ የምትጠብቅ፣ ከእንግዲህ በጣቷ የማትፈርም፣ አክባሪዎ እንጂ ታዛዥዎ ያልሆነች፣
የፊተኛው ወንበር ተማሪ

ማስታወሻ፦ መልስዎ ከዘገየ በሚቀጥለው ሥልጠና ገብቼ ይህንኑ ደብዳቤ ሳልደናቀፍ አነብልዎታለሁ፤ ማይክሮፎኔንም አልዘጋም። የስልኩን ሥልጠና መግቢያ ቁጥር ማን ሰጣት ብለው መምህራችንን እንዳይጠረጥሩ፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የለጠፉት እርስዎ ነዎት። እኛ ማንበብ እንችላለን ብሎ ማን ጠረጠረ!