በሐምሌ ቅጽ ይዞ የመጣ

ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
ካዛንቺስ

ለእማዬ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ ለዘብ አለ? የላክሁልሽን ቅባት እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ «ለክፉ ቀን» ብለሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍሽበት? አክስቴስ ደህና ናት? የቡታጅራ አየር ተስማማሽ? እኔ ከናፍቆትሽና ከመንገድ ሥራው አቧራ በቀር ምንም አልሆንኩም። እሑድ ዕለት ኡራኤልን ስሳለም ላንቺም ተሳልሜልሻለሁ።

ይሄን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። አንቺ ግን ስልክ ላይ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ካርድሽ አለቀ፣ በቃ ዝጊው» ትያለሽ፤ እኔ ደግሞ ሳታቋርጪኝ እንድትሰሚኝ እፈልጋለሁ። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ቁጭ በይ። ልብሽ እንዳይሰቀል መጨረሻውን ከአሁኑ ልንገርሽ፦ አሸንፌያለሁ!

ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቅሽ «ወረቀት ትሠራለች» ትያለሽ አሉ። ልክ ነሽ። የዘንድሮው ወረቀት ግን እንዲህ ነበር። አንድ ድርጅት በአገራችን የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ለመክፈት አሰበ። ዲግሪ ለያዘ ሰው ሳይሆን ሱቅና ወርክሾፕ ላለው ሰው የሚሆኑ። ያዋጣል ወይ፣ ተማሪ ይመጣል ወይ፣ አስተማሪስ ከየት ይገኛል የሚለውን አጥኑልኝ ብሎ ለእኛ ቢሮ ሰጠ። ጥናቱ ከቂርቆስ እንዲጀመር ተወሰነና መረጃ መሰብሰቡን የምመራው እኔ ሆንኩ። ያዋጣል ካልን ይከፈታል። አያዋጣም ካልን ፋይሉ ይዘጋል፤ የእኔም ኮንትራት አብሮት።

እና መቼ የወጣሁ ይመስልሻል? በሐምሌ። ሳቂ፣ ግድ የለም። ግብር በሚከፈልበት ወር ባጅ አንጠልጥዬ፣ ቅጽ ይዤ፣ ስድስት ባልደረቦች አስከትዬ ሰንጋ ተራ ወረድኩ። ሥራ እንዴት ነው? ለማስፋት አስበዋል? ትምህርት ቤት ቢከፈት ይማራሉ? ሰው ሁሉ የተማከረ ይመስል ሥራው ሞቷል፣ ልዘጋ ነው፣ ምን ትምህርት አለ አለኝ። አንዱማ ሦስት ሠራተኞቹ ከኋላው ቆመው ሳቃቸውን እያፈኑ፣ ብቻዬን ነው የምሠራው ብሎ ማለልኝ። ነጋዴ በሐምሌ ቅጽ ለያዘ ሰው ምን እንደሚል እኔ አጥቼው ነው? አንቺ ራስሽ ሐምሌ ሲገባ ሁለተኛዋን የስፌት መኪና በአንሶላ ሸፍነሽ የአበባ ማስቀመጫ ትጭኚባት አልነበረም? አበባውን የማስተካክለው እኔ ነበርኩ! ማስተርስ ያልኩት ነገር ይሄን ሁሉ ከጭንቅላቴ አጥቦ ወስዶታል።

ውጤቱ ሲደመር ከመቶ ሰማንያ ስድስቱ አልፈልግም ብሏል። አለቃዬን አቶ ሃይላይን ታስታውሺዋለሽ፣ ያ ቁጥር የሚያምን፣ ሰው የሚጠራጠር። ወረቀቱን አገላብጦ አየና አያዋጣም ብለሽ ጻፊ አለኝ። ቁጥሩ ውሸት ነው አልኩት። ቁጥር አይዋሽም አለኝ። ቁጥር አይዋሽም፣ ሐምሌ ግን ያስዋሻል አልኩትና የአንሶላሽን ነገር አወራሁት። አይስቅም ያልኩት ሰውዬ ሳቀ። ሦስት ሳምንት ሰጠኝ፤ ካልተሳካ ግን ጥፋቱ በእኔ ስም እንደሚጻፍ ነገረኝ። እሺ አልኩት።

መስቀል እንዳለፈ ቅጹን ጥዬ፣ ባጁን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የእድራችን ዳኛ ጋሼ ያደታ ዘንድ ሄድኩ። ሰፈሩ ለመንገድ ፈርሶ ቢበተንም እድሩ አልተበተነም፤ ሰዉ ከየሄደበት ሁለት ታክሲ እየቀየረ በወር አንድ እሑድ ይሰበሰባል። ጋሼ ያደታ ነገሬን ሰምተው ሲጨርሱ ተቆጡኝ። የሰፈር ልጅ ሆነሽ እንደ ባዳ ሰው ደጅ ቆመሽ ትጠይቂያለሽ አሉኝ። ከዚያ ስብሰባው መሀል አቁመውኝ ይቺ የኛው ልጅ ናት፣ ከግብር ገማቾቹ አይደለችም፣ ዋሷ እኔ ነኝ አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ የምገባበት ሱቅ ሁሉ ወንበር ይሳብልኝ ጀመር።

ጥያቄውንም ቀየርኩት። ትማራለህ ወይ ማለቱን ተውኩና፣ ሥራውን ማን አስያዘህ፣ ሲጨንቅህስ ማን ጋ ትሄዳለህ ማለት ጀመርኩ። እማዬ፣ ሰው እንዴት እንዳወራ ብታዪ! አስተማሪ ያልነበረው ነጋዴ የለም። ያልተማሩትም ያንገበግባቸዋል፤ ውል መጻፍ፣ ዋጋ መተመን፣ ሠራተኛ መያዝ እያሉ ዘርዝረው አይጨርሱም። የሚያስተምረኝ ካገኘሁ ሱቄን ዘግቼ እመጣለሁ ያለኝ፣ በሐምሌ ብቻዬን ነው የምሠራው ብሎ የማለልኝ ያው ሰውዬ ነው።

ሰንጋ ተራ ሸምሰዲን የሚባል ሶፋ የሚያለብስ ሰው አለ። ደንበኛ የማይጠፋብህ ምን ብታደርግ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ቀላል ነው አለኝ፤ ቀን ስትሰጥ ሁለት ቀን ጨምረህ ስጥ፣ ስታስረክብ ግን አንድ ቀን ቀድመህ አስረክብ። እስክሪብቶዬ ቆመ። በዚህ አባባል እኮ ነው ያደግሁት! ከማን ሰማኸው አልኩት፤ ኡራኤል መጋረጃ ከምትሠራ ሴት አለኝ። እሷ ጋ ሄድኩ። እሷ ደግሞ ያስተማረችኝ መስቀል ፍላወር ያለችው የዩኒፎርም ሰፊ ናት አለችኝ። በእግሬ ሄድኩ። በሩን ገፋ ሳደርገው ማን ብትቀመጥ ጥሩ ነው? ራሕዋ።

አዎ፣ ራሕዋ። ፊት ለፊታችን ስፌት ቤት ከፍታ የትምህርት ቤቱን የዩኒፎርም ትዕዛዝ ወሰደችብን ብዬ አሥራ አምስት ዓመት ሰላምታ የነፈግኋት። ዛሬ ሃያ ሁለት የስፌት መኪና አላት። ከደጃፉ ልመለስ ስል አየችኝና በቤት ስሜ ጠራችኝ። የነገረችኝን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን አላውቀውም ነበር። ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ክፍል አራት ወር ሙሉ ከጎንሽ አስቀምጠሽ አስተምረሻታል። መስፋትማ ታውቅ ነበር፤ ያስተማርሻት መነገድን ነው። ትዕዛዙንም እሷ አልወሰደችብሽም። እጅሽ ሞልቶ ቀኑን እንደማታደርሺው ስታውቂ፣ አንቺው ጨርቁን ተሸክመሽ መንገድ ተሻግረሽ ሰጠሻት። እምቢ ማለት የማይችል ነጋዴ አይከበርም አልሻት። ከእሷ በፊትና በኋላም ያስተማርሻቸውን ስምንት ሴቶች በጣቷ ቆጠረችልኝ፤ አንዳንዶቹን እንደ ሥራ ፈት ጠያቂ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ተናድጄብሻለሁ፣ ልጻፈው። እኔ በዚያች ሴት ፊት አንገቴን አዙሬ ሳልፍ እያየሽ እንዴት ዝም ትያለሽ? ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ግን ራሕዋ እንደ ቀልድ የነገረችኝ ሌላም አለ። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የምትፈርሚበት የትምህርት ቤት ቅጽ አምጥቼልሽ ነበር። የክፍል ጓደኞቼ እናቶች ባንክና መሥሪያ ቤት ነበር የሚሠሩት፤ እኔ ደግሞ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች እናት አሳፈረችኝ። «የእናት ሥራ» በሚለው ላይ «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩ። በአንድ እጅሽ ጨርቅ ይዘሽ በሌላው ስትፈርሚ፣ ሳታነቢው የፈረምሽ መስሎኝ እፎይ ብዬ ነበር። አንቺ ግን አንብበሽዋል። ማምሻውን ራሕዋ ዘንድ ሄደሽ፣ ልጄ ዛሬ ከሥራ አሳረፈችኝ ብለሽ ሳቅሽ። እማዬ፣ ያ ሳቅሽ አንጀቴን በልቶታል። ይቅር በይኝ።

አሁን ወደ ድሉ። ባለፈው ሐሙስ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሪፖርቱ ቀረበ። ሃይላይ ራሱ ሊያቀርበው ተነስቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረና ማይኩን ለእኔ ሰጠኝ። ያዋጣል ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁ ነበር፣ ትምህርት ቤቱ ድሮም አለ፣ የጎደለው ቤት ብቻ ነው አልኳቸው። ከዚያ ገጽ ሠላሳ አንድን ገለጥኩ። ከአንዲት ክፍል ተነስቶ ኡራኤል፣ መስቀል ፍላወርና ሰንጋ ተራ ያሉ አርባ ሦስት ሱቆችና ወርክሾፖች የደረሰውን ትምህርት፣ ማን ከማን እንደተማረ ስም በስም አሳየኋቸው። ከድርጅቱ ቦርድ አንድ ሽበታም ሰውዬ እጃቸውን አወጡና፣ መጀመሪያ ላይ ያለችው ይቺ ሴት ማን ናት፣ ስሟን ለምን አልጻፍሽም አሉኝ። ስላላስፈቀድኳት ነው፣ እናቴ ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ ብዬ አልዋሽሽም፣ እስከ በሩ ድረስ ነው የተሰማው! መጀመሪያ ያጨበጨበው ሃይላይ ነው።

ጸደቀ፣ እማዬ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በጥር እዚሁ ቂርቆስ ይከፈታል፤ ቀጥሎ በሦስት ከተሞች። ከአስተማሪዎቹ እኩሌታው ሥራውን በእጃቸው የሠሩ ሰዎች ይሁኑ ተብሎ ተወስኗል፤ ራሕዋ ከአሁኑ ተመዝግባለች። የእኔም ኮንትራት ለሁለት ዓመት ታደሰ። ከአዳራሹ ስወጣ ሱቃችን የነበረችበት ድረስ ሄድኩ። አሁን የብስክሌት መንገድ ሆናለች። እንዳላለቅስ ፈርቼ ነበር፤ ብቻዬን ቆሜ ስስቅ ሰው አየኝ።

ዓይኔ ደክሟል እንዳትይኝ። ክር በመርፌ አስገቢ ያለሽ የለም፤ የሚፈለገው አፍሽ ነው፣ እሱ ደግሞ ደክሞ አያውቅም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ የአስተማሪ መመዝገቢያ ቅጽ አለ። የሞላሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ መፈረም ብቻ ነው የሚቀርሽ። «ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት የጻፍኩትን ግን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ፤ ለአክስቴም ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ቀኑ እስከ ኅዳር ሠላሳ ነው ተብሏል፤ እኔ ግን ያንቺ ልጅ ስለሆንኩ ቀድሜ አስረክበዋለሁ ብያለሁ።

ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ በጥር በገዛ እግርሽ ክፍል ስትገቢ ለማየት ያብቃኝ። ምርቃትሽን ላኪልኝ።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ