እንከን ያጣንባቸውን መምህር ስለ መመለስ

ለክቡር ጓድ ክንዱ አስናቀ፣
የመምህራን ኮሌጃችን የሂስና ግለሂስ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ከጥር ወር ወዲህ ደግሞ የኬሚስትሪ መምህራችን፣
ባሕር ዳር።

ክቡር ጓድ ሰብሳቢ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ድምፅዎና የስብሰባ ፍቅርዎ እንደ ወትሮው ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ እኛ ስለ መጨረሻ ዓመት ተማሪዎችዎ የጠየቁ እንደሆነ፣ ከኬሚስትሪ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ፣ ያውም ከምግብ አዳራሹ በር አጠገብ መለጠፌ ድፍረት ተደርጎ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ። ሂስ በጓሮ ሳይሆን በአደባባይ ይሁን ብለው ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ እኔም ሁሉም ሰው ሳሕኑን ይዞ የሚያልፍበትን አደባባይ መረጥሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀድሞው የኬሚስትሪ መምህራችን ዶክተር መርስዔ ኀዘን ከዓመቱ ማብቂያ ፈተና በፊት ከሐይቁ ማዶ፣ ከቁንዝላ ይመለሱልን። የቀረው የደብዳቤው ክፍል ሁሉ ምስጋና ነውና፣ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ።

ምስጋናዬን ከመነሻው ልጀምር። በታኅሣሥ ወር ኮሚቴዎ ክፍላችንን ሰብስቦ ስለ ዶክተሩ አስተማሪነት አስተያየት ሲጠይቀን፣ እኛ የዋሆቹ እውነቱን ተናገርን። እንከን የለባቸውም አልን። የክፍል ጓደኛችን ሰገነት ተነሥታ፣ ከእሳቸው በፊት ኬሚስትሪን በቃሏ ስትሸመድድ እንደ ኖረች፣ አሁን ግን ሻይዋ ውስጥ ስኳር ሲሟሟ እንኳ ዝም ብላ መጠጣት እንዳቃታት ገለጸች። ለማጨብጨብ እንኳ የሚሰንፈው አዘዘ እጁን አውጥቶ ደገፋት። የዚህን ጊዜ እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው በማይረሳኝ ትዕግሥት ስሕተታችንን አረሙልን። መላው ክፍል በአንድ ድምፅ የሚያመሰግነው መምህር ወይ ተማሪውን በማርክ ገዝቶታል፣ ወይ በቡድን አደራጅቶታል፤ እንዲህ ያለው መምህር ከሰፊው ሕዝብ መካከል ገብቶ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መፈተን አለበት አሉን። መምህራችንን ማቆየት የምንፈልግ ከሆነም፣ በማግስቱ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሂስ ይዘን እንድንቀርብ አዘዙን።

እንከን ፍለጋ እንዲህ አድካሚ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሐይቁ ዳር ካለው የሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ ሰውየውን የማይጎዳ፣ ሲሰሙት ግን ሂስ ሂስ የሚል ነገር ስናወጣና ስናወርድ ቆየን። ለፈተና እንኳ እንዲያ ተጨንቀን አናውቅም። በማግስቱ ያቀረብነውንና ኮሚቴዎ በራሱ ቋንቋ ያቃናልንን፣ እርስዎ በጉባኤው ላይ ባነበቡት መሠረት እንደሚከተለው አስታውሳለሁ፦

፩ኛ. ሰገነት፣ ዶክተሩ «ለምን» የሚለውን ጥያቄ ያበዛሉ አለች። ብረት ለምን ይዝጋል፣ ወተት ለምን ይረጋል፣ አንቺስ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ ይሏታል። ይህ በኮሚቴዎ ብዕር ሲያልፍ «በተማሪው ዘንድ ጥርጣሬን ያሰራጫሉ» ሆኖ ወጣ። ሰገነት ሲነበብ ከሌሎቻችን ጋር ተገርማ ነበር፤ የእሷው ሂስ መሆኑን የነገርናት እኛ ነን።

፪ኛ. አዘዘ፣ ትምህርቱ ስለሚጥመን ደወሉን ሳንሰማ ምሳ ያመልጠናል አለ። ይህ ምስጋና እንጂ ሂስ እንዳልሆነ ራሱ አዘዘም ያውቃል፣ ግን ሌላ አላገኘም። እሱም «የተማሪውን የዕረፍት ጊዜ ይበዘብዛሉ» ተባለ። አዘዘ ተበዝባዥ መሆኑን የሰማው ያኔ ነው። እርስዎ ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ ግን ምሳ አምልጦት አያውቅም፤ እንዲያውም ደወሉ ሳይደወል ነው የሚሰማው። ለዚህም በስሙ አመሰግናለሁ።

፫ኛ. እኔ ደግሞ፣ ጫማዬን አስረጠቡብኝ አልሁ። የላቦራቶሪው ኬሚካል ለእንግዶች ጉብኝት ተብሎ በቁልፍ ስለሚጠበቅ፣ ዶክተሩ ወደ ጣና ዳር ይወስዱንና የሐይቁንና የጉድጓዱን ውኃ በየብልቃጡ አስቀድተው፣ ሳሙና በየትኛው እንደሚያረፋ፣ በየትኛው እንደሚለግም፣ ምክንያቱም ምን እንደሆነ ያሳዩን ነበር። ውኃ ስቀዳ ጫማዬ ረጠበ፤ ፀሐይ ላይ አስጥቼው ደረቀ። ኮሚቴዎ ግን «የነገዎቹን መምህራን ለጉማሬ አጋልጠዋል» ብሎ አቃናው። በዕለቱ ጉማሬ አላየንም። ያየነው እንጨት የጫነች አንዲት ታንኳ ነው፤ እሷም አልነካችንም።

፬ኛው የጠመኔ ብናኝ ጉዳይ ነበር፣ እሱንና የቀሩትን ለክብርዎ ስል አልፋቸዋለሁ።

ሁሉም ተደምሮ ሲነበብ፣ እኛው ራሳችን ሰውየውን ፈራናቸው። እንግዲህ ባይነቀፉ ወደ ዘመቻ፣ ቢነቀፉም ወደ ዘመቻ ሆነና፣ ዶክተር መርስዔ ኀዘን አንዲት ሻንጣ ይዘው በቁንዝላ ጀልባ ተሳፈሩ። ልንሸኛቸው ወደብ ድረስ ሄደን ነበር። አልተቆጡንም። ጫማዬን አይተው «ደረቀልሽ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጓድ ሰብሳቢ፣ ቀልዴን ለአፍታ ላቁምና፣ ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በእሳቸው ቦታ ማን ይመጣ ይሆን ብለን ስንጨነቅ፣ እርስዎ የፖለቲካ ትምህርቱን ለጊዜው ትተው ራስዎን ለኬሚስትሪ መሥዋዕት አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ያገኘነው ዕውቀት በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ስለ ውኃ ሲያስተምሩን፣ ሁለቱ ሃይድሮጅኖች ተደራጅተው ኦክስጅኑን እንደ ታገሉት ነገሩን። አዘዘ፣ ሁለት ለአንድ ከሆኑ የተጨቆነው የትኛው ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተያዘለት። አሲዱ የሊትመሱን ወረቀት ቀይ ያደረገው ዕለት አጨብጭቡ አሉን፤ አጨበጨብን። የአመድ ውኃ ያንኑ ወረቀት መልሶ ሰማያዊ ሲያደርገው ግን ፊትዎ ጠቆረ፣ ወረቀቱ አቋም የለውም ብለውም ወደ ቅርጫት ወረወሩት። የሳቅነው በእርስዎ አይደለም፤ በወረቀቱ ነው።

የቁንዝላም ሕዝብ ምስጋናውን እንዳደርስለት አደራ ብሎኛል። እናቴ ወይዘሮ ነፊሳ እዚያ ጨውና በርበሬ ይነግዳሉ፣ ማታ ማታ ደግሞ ከዶክተሩ ዘንድ ፊደል ይቆጥራሉ። በጀልባ ተሳፋሪዎች አፍ እንደላኩልኝ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ከባሕር ዳር ገፍቶ ለሰጣቸው ሰው ዱዓ እያደረጉለት ነው፤ ስሙንም ጠይቀውኛል። ነግሬያቸዋለሁ። ሰውየውን መልሰው እንዳይወስዱባቸውም ለምነዋል፣ በዚህ ጉዳይ ግን እናትና ልጅ አልተስማማንም።

ምክንያቱም፣ ክቡር ጓድ፣ በሚቀጥለው ዓመት እያንዳንዳችን በየአውራጃው ጠመኔ ይዘን ከልጆች ፊት እንቆማለን። ከመካከላቸው አንዱ እጁን አውጥቶ «ለምን» ይለናል። እንደ ዶክተሩ ተማሪ ልመልስለት እፈልጋለሁ፤ ጥያቄህ ለስብሰባ ይያዝልህ ማለት አልፈልግም። ጭንቀቴ ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም።

ከፍ ባለ አክብሮት፣ ዝቅ ባለ የኬሚስትሪ ዕውቀት፣ እንዲሁም በማያቋርጥ ጭብጨባ እጅ የምነሳዎ፣

ጀሊላ ኑርሑሴን
የመጨረሻ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ
ግንቦት ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ፈርሜ ከጨረስሁ በኋላ የታወሰኝ፦ በሚመጣው ሳምንት ኮሚቴዎ የእርስዎን አስተማሪነት በተመለከተ አስተያየታችንን እንደሚሰበስብ ሰምተን፣ ትናንት ክፍሉ ተወያይቷል። አዘዘ ሳይቀር ሁላችንም እጃችንን አውጥተን፣ ጓድ ክንዱ አንዳችም እንከን የለባቸውም ብለን በአንድ ድምፅ ወስነናል። መላው ክፍል በአንድ ድምፅ ያመሰገነው መምህር ወዴት እንደሚሄድ እርስዎ ራስዎ ስለ ደነገጉልን፣ እዚህ አልደግመውም። ሂስ ይሻለኛል ካሉም እንደ ታዘዝነው አንድ አንድ ይዘን እንመጣለን፤ መንገዱ ያው ወደ ጀልባው ነው። እናቴ በማታው የፊደል ትምህርት ከአጠገባቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ቦታ ይዘውልዎታል፣ ዶክተሩም በዚያው ጀልባ ይመለሱልናል። የቁንዝላ ወደብ ግን ጭቃ ነው፤ ሲወርዱ ጫማዎ ቢረጥብ በማንም ላይ ሂስ እንዳይጽፉ አደራ።