ሁለተኛዋ ስንኝ

ነፋሱ በማያባራበት አገር ለምትኖረው ለአባዬ ለቨርሊን፣ ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ይድረስህ።

አባዬ፣ እንዴት ከረምክ? ወገብህስ? ያ ቀኝ ጉልበትህ በብርዱ እየተነሳ ያስቸግርሃል ወይስ ለቀቀህ? ሳልህስ? "ደህና ነኝ" እንዳትለኝ፤ አጎቴ ክላይድ አንድ ሳያስቀር ነግሮኛል። ሐኪም ቤት እንሂድ ቢልህ "ለዚች ሳል ብዬ የሥራ ቀን አላቃጥልም" እንዳልከውም ሰምቻለሁ። አይ አባዬ! እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብኝ የለም። እቴቴ ዴልፊያም ደህና ናት፤ ምላሷም እንደ ድሮው ነው። ውሻህ ዛሬም የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር እስከ ድልድዩ ይሮጥና አንተ አለመሆንህን ሲያይ ጭራውን ቆልፎ ይመለሳል።

ይህን የምጽፍልህ አንድ ነገር ልለምንህ ፈልጌ ነው። በስልክ ከሆነ "እሺ የኔ ልጅ፣ እናያለን" ትልና ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ልመናዬ፣ በሜይ ከምመረቅበት ቀን በፊት መጥተህ የአያቴን መዝሙር እንድትጨርሰው ነው። እንዳትቆጣ። ቀዳደህ ከመጣልህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ኮሌጅ ያደረስከኝን ቀን ታስታውሳለህ? ሰሞኑን እሱ ነው የሚመጣብኝ። የእሑድ ሸሚዝህን ለብሰህ፣ እማዬ መሐል ተቀምጣ፣ እኔ በመስኮቱ በኩል፣ ልብሴ በጥቁር ፌስታል ተቋጥሮ ከኋላ ተጭኖ። ስንደርስ የምግብ አዳራሹ የሚያስከፍል መስሎህ "እኛ በልተናል" አልካቸውና፣ እማዬ የቋጠረችውን ባቄላና የበቆሎ ዳቦ የመኪናው ጀርባ ላይ ተቀምጠን በላን። ለካ ለአዲስ ተማሪ ቤተሰብ ሁሉ የተዘጋጀ ግብዣ ነበር! እማዬ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ቨርሊን፣ ይቺ ኩራትህ አንድ ቀን በረሃብ ትፈጀናለች" አለችህ። እስካሁን በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ሳቋ ይሰማኛል።

መዝጋቢዋ ሴትዮ እዚህ የትምህርት ክፍያ እንደሌለ፣ ግን ተማሪ ሁሉ እንደሚሠራ ስትነግርህ ደግሞ በጥርጣሬ አየሃት። ልጅህን ልትሸጥ የመጣህ ይመስል "ምንድን ነው የምትሠራው?" አልካት። መጥረጊያ የሚሠራበት ቤት እንደተመደብኩ ነገረችህ። "መጥረጊያ! መጥረጊያማ እናቷ እቤት ታስተምራት ነበር፤ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ነዳጅ ያቃጠልኩት?" አልክና ሰልፉን ሁሉ አሳቅከው። አሁን ብታየኝ! የመጥረጊያውን የማሽላ ጭራ ነክሬ፣ ደልድዬ፣ በሽቦ ጠፍሬ ስጨርስ በጉልበትህ ብትጎትተው ንቅንቅ አይልም። የመጥረጊያ ቤቱ ሽታ እርጥብ ድርቆሽ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ናፍቆት ሲያፍነኝ እዚያ ገብቼ የኛ ጎተራ ውስጥ ያለሁ እየመሰለኝ አለቅስ ነበር።

የመጀመሪያ ጽሑፌን ፕሮፌሰር ፔቲቦን ሲመልሱልኝ ወረቀቱ ከቀይ እስክሪብቶ ሌላ ነገር አይታይበትም ነበር። ያን ዕለት ደውዬ "አባዬ ና ውሰደኝ፣ እኔ የዚህ ቦታ ሰው አይደለሁም" አልኩህ። "መኪናው ተበላሽቷል፣ ሲሠራ እመጣለሁ" አልከኝ። እኔም ጠበቅኩ። እስኪሠራ ድረስ ምን ላድርግ ብዬ ወደ ጽሕፈት መርጃ ክፍል ሄድኩ። እዚያ የላይኛው ዓመት ተማሪዎች ከጎንህ ቁጭ ብለው ዐረፍተ ነገርህን እየፈታቱ አብረውህ ይገጥሙታል፤ ምንም አያስከፍሉም፣ አያላግጡም። ፔቲቦንም ቢሯቸው ጠርተው "እቤትሽ የምትናገሪው ስህተት የለበትም፤ ወረቀት ላይ ግን ፊትሽ ስለማይታየኝ ቃሉን ጨምሪልኝ" አሉኝ። መኪናው ሳይሠራ መንፈቁ አለቀ፤ እኔም መሄዱን ረሳሁት። መኪናው አንድም ቀን ተበላሽቶ እንደማያውቅ ክላይድ የነገረኝ ባለፈው ገና ነው። አቤት አባዬ! እንዲህ አድርገህ መዋሸት የት ተማርክ?

ታሪክና ሙዚቃ ላጠና ነው ስልህ ግን ሳቅህ ጠፋ። "ነርስ ብትሆኚ ሰው ይታመማል፤ አካውንታንት ብትሆኚ ሰው ግብር ይከፍላል። ይሄኛው ምን ያበላል?" አልከኝ። እዚህ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይዘህ እንድትወጣ አይፈልጉም፤ ስለ ከዋክብትም፣ ስለ ግጥምም፣ ስለ ጥንት ሰዎች ሕግም ያስተምሩሃል። እኔ ግን የትኛውም ክፍል ብገባ ዞሬ ዞሬ የምደርሰው እኛ ቤተ ክርስቲያን ነበር። አንተ ቆመህ አንዷን ስንኝ ስታወጣ፣ ሰዉ ሁሉ እያስረዘመ ሲቀበልህ፣ ያለ ፒያኖ፣ ያለ ኖታ፣ መስኮቱ እስኪነዝር። የመመረቂያ ጽሑፌንም በዚሁ ላይ አደረግኩት።

በሁለተኛው ዓመት እማዬ ስታርፍ ትምህርቱን ልተወው ነበር፤ ይህን ታውቃለህ። የማታውቀውን ልንገርህ። ለቀብሩ የመጣሁበትን የአውቶቡስ ዋጋ የቻለልኝ ኮሌጁ ነው፤ ለድንገተኛ ችግር ያስቀመጡት ገንዘብ አለ፣ የሞተብህን ስም ብቻ ነው የሚጠይቁህ። ቦታዬንም ሥራዬንም ጠበቁልኝ። በቀብሩ ቀን ደግሞ ፕሮፌሰር ፔቲቦን ራሳቸው ዳገቱን ነድተው መጥተው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አንተ የአያቴን መዝሙር ስታወጣ አዩህ። የመጀመሪያዋን ስንኝ አወጣህ፣ ሰዉ ተቀበለህ። ከዚያ ሁለተኛዋ አልመጣ አለች። ሁሉም ጠበቀህ። ባርኔጣህን አንስተህ ወጣህ። በበልጉ ከክላይድ ጋር ወደ ነዳጅ ዘይት ቁፋሮ ሥራ ሄድክ፤ ከዚያ ወዲህ እኛ ቤተ ክርስቲያን ያን መዝሙር ያወጣ ሰው የለም። ሌላውን ያወጡታል። እሱን ግን ማንም አይነካውም፤ ያንተ ነው።

ባለፈው ክረምት ዋናው ከተማ ያለው የድምፅ ቤተ መዛግብት ውስጥ እንድሠራ የላኩኝ ጊዜ፣ ደመወዜን ከኮሌጁ የቀድሞ ተማሪዎች መዋጮ ከፈሉልኝ። ተማሪን ከቀጣሪ የሚያገናኘው ቢሮ ኃላፊ ሚስስ ግሬዲ ደግሞ አንድ ቁም ሣጥን ሙሉ ኮት አላቸው፤ ለቃለ መጠይቅ የሚለብሰው የሌለው ተማሪ ከዚያ ይዋሳል። ሰማያዊ ኮት አለበሱኝና ቁጭ አድርገው ልክ እንደ ቀጣሪው ሆነው ጠየቁኝ። "ስለራስሽ ንገሪን ሲሉሽ ስለ አባትሽ ብቻ አታውሪ እንጂ!" ብለው ተቆጡኝ። ምን ላድርግ? ሌላ የማወራው አልመጣልኝም። ቤተ መዛግብቱ ውስጥ የየሸለቆውን መዝሙር በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ ከረምኩ፤ ከወንዙ ወዲህም ከወንዙ ወዲያም ያለው ሁሉ አለ። የኛ ግን የለም። ስጨርስ አለቃዬ "ጽሑፍሽን አጠናቀሽ ከተመረቅሽ ወንበርሽ እዚህ ነው" አሉኝ። ይኸውልህ አባዬ፣ ምን ያበላል ላልከው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ጽሑፌን ፊት ለፊት ቆሜ የማቀርብበት ቀን ነበር። ኮሌጁ ለቤተሰብ መኪና ይልካል፤ እቴቴ ዴልፊያ የቤተ ክርስቲያኑን አሮጊቶች በሙሉ ጭና መጣች፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ የፖም ኬክ ተሸክመው። መምህራኑ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ። እኔ ስለ አወጣጡና ስለ አቀባበሉ እያስረዳሁ፣ ለምሳሌ ያህል ብዬ የአያቴን መዝሙር የመጀመሪያዋን ስንኝ እንዳንተ አድርጌ አወጣኋት። ሴት እኛ ዘንድ አውጥታ እንደማታውቅ አውቃለሁ፤ ግን ምሳሌ ነው፣ ማን ይቀበለኛል ብዬ? ከኋላ ወንበሩ ተንቀጫቀጨ። አሮጊቶቹ በሙሉ ተነስተው ተቀበሉኝ! አባዬ፣ አዳራሹ ጠበበን። መምህራኑ ዞረው ማየት እንኳ አፍረው አንገታቸውን ደፉ። ስንኟ አለቀችና ሁሉም እንደቆሙ እኔን ማየት ጀመሩ። ሁለተኛዋን ሊቀበሉ!

ቃሉን አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን ላንተ አልመጣ ያለችው ለእኔም አልመጣ አለች። እቴቴ ዴልፊያ ከኋላ "በይ እንጂ ልጄ! እንዲህ አንጠልጥለሽ ልታቆሚን ነው?" ብላ ጮኸች። ሰው ሳቀ፤ እኔ አለቀስኩ። ፔቲቦን መጥተው እጄን ያዙኝ።

መምህራኑ ጽሑፉ ጥሩ ነው አሉ፤ ነገር ግን ስለ መዝሙር ተጽፎ መዝሙሩ ግማሽ ሆኖ አይመረቁበትም፤ እስከ ምረቃው ሙሉውን አምጪ አሉኝ። ቤተ መዛግብቱም ከምረቃው በፊት ባለው እሑድ መቅረጫ ይዞ ቤተ ክርስቲያናችን ይመጣል። ወደ ቤት ስንመለስ እቴቴ ዴልፊያን መኪናው ውስጥ "ሁለተኛዋን ባወጣት ትቀበሉኝ ነበር?" አልኳት። ቁጣዋን ታውቀዋለህ። "የመጀመሪያዋን የተቀበልንሽ አፋችን ስለለመደ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ያለን መስሎን። ሁለተኛዋ የቨርሊን ናት። ወይ መጥቶ ያውጣት፣ ወይ ፊታችን ቆሞ ለልጄ ሰጥቻለሁ ይበል። በስልክ አይሆንም፣ በደብዳቤም አይሆንም። ያኔ እንኳን ሴት፣ ፍየልም ብታወጣ እቀበላለሁ" አለች። አሮጊቶቹ ሁሉ አሜን አሉ። በቃ፣ ተፈርዶብሃል።

ገንዘብ የለኝም እንዳትል፣ የደርሶ መልስ የአውቶቡስ ቲኬቱ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ኮሌጁ ከሩቅ ለሚመጣ ወላጅ የሚሰጠው ነው። ምጽዋት ነው ብለህ ደግሞ "እኛ በልተናል" እንዳትለኝ! እኔ አራት ዓመት መጥረጊያ ሠርቼበታለሁ። ፈቃድ አይሰጡኝም እንዳትልም፣ ክላይድ አለቃህን አናግሮ ጨርሷል። አልችልም ካልከኝ ግን እሱን አልከራከርህም፤ እኔም አልቻልኩምና። ብቻ ክላይድ የነገረኝን ልንገርህ። ገላህን ስትታጠብ ውኃው ሲወርድ ሰው የማይሰማህ መስሎህ ታንጎራጉራለህ አሉ። "ምኑን?" አልኩት። "ያንኑ ነው፤ ግን አንዷን ስንኝ ብቻ፣ ደግሞ ደጋግሞ" አለኝ። አባዬ፣ እዚያ ማን ይቀበልሃል? የሚቀበሉህ እዚህ ቆመው እየጠበቁህ ነው።

ለአጎቴ ክላይድ ሰላም በልልኝ፤ ወሬ ማቀበሉን እንዳይተው ንገረው። እያንኮራፋ ለሚያስቸግርህ ለሞንታናው ጓደኛህ፣ ለሠራተኞቹ ሰፈር ወጥ ቤትም ሰላምታዬ ይድረስልኝ፤ ሾርባ ላይ ጨው እንዲቀንስልህ አደራ በልልኝ። እቴቴ ዴልፊያ "እግዜር ይይልህ" ብላሃለች፤ ሰላምታዋ ይህ ነው። ፕሮፌሰር ፔቲቦን በአክብሮት ሰላም ይሉሃል። እማዬ መቃብር ላይ ባለፈው እሑድ ሄጄ አበባዋን ቀይሬላታለሁ፤ ትመጣለህ ብዬም ነግሬያታለሁ።

የመጀመሪያዋን ስንኝ ከታች አውጥቼልሃለሁ። ሁለተኛዋን ወረቀት ላይ አልፈልጋትም።

ጎሕ ሲቀድ፣ ጌታዬ፣ ከወንዙ ማዶ ቆመህ ጠብቀኝ፤

ልጅህ ኦፓል
ሎረል ጋፕ ኮሌጅ፣ ኬንታኪ
ማርች 20 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.