በክር የተለካ እግር

ጳጉሜን 1 ቀን 2012 ዓ.ም.
ቦሌ ቡልቡላ

ለሉዋም፣ ለልጄ እናት፤

«ውድ» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት፤ ከላይ የምታይው ጭረት እሱ ነው። ደህና ነሽ? እኔ ጤነኛ ነኝ። ኤርፖርት ካርጎ ስለምሠራ በሽታውን ተሸክሜ የምዞር ይመስልሽ ስለነበር ይህን ብታውቂው ብዬ ነው። ብደውል እጮሃለሁ፣ አንቺም ጆሮዬ ላይ ትዘጊያለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

ቅዳሜ እንደተለመደው ሰሚት መጥቼ ከብሎካችሁ ሥር ቆምኩ። ወደ አራተኛ ፎቅ ባንጋጥጥ በረንዳው ላይ ማንም የለም። ትንሽ ቆይቶ የሣባን ቢጫ ጃኬት የለበሰች ልጅ በደረጃው ወርዳ ፊቴ ቆመች። ሣባ መጣች ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ልጅቷ ማስኳን ወደ አገጯ ሳብ አደረገችና አንድ ፌስታል ሰጠችኝ። ለሣባ የገዛሁት ጫማ ነው።

«ጋሼ፣ እማዬ የሰው ልጅ ጫማ ነው፣ ለአባትየው መልሺ ብላኛለች» አለች።

«አንቺ ማነሽ?»

«ናዲያ ነኛ! የሱሌማን ልጅ። ከእነ ሣባ ጎን ነው ቤታችን።»

«ሣባስ የት አለች?»

«ሣባማ መቀሌ ነች፣ አያቷ ጋ። ቆየች እኮ ከሄደች! አያውቁም እንዴ?»

አላውቅም። ጎረቤት ያውቃል፣ የግቢው ዘበኛ ያውቃል፣ አባቷ አያውቅም። በየሳምንቱ አንጋጥጬ እጄን ሳውለበልብ ዘበኛው ለምን መሬት መሬት እንደሚያይ አሁን ገባኝ። አፍሮልኝ ነው።

ፍርድ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር እንድትውል ወስኖልኝ ነበር። ኮሮና ሲገባ «ከኤርፖርት ሰው ጋር አላገናኛትም፤ ከበረንዳ ላይ ታይሃለች» አልሽ። ልከስሽ ሄድኩ፤ አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ነው የምናየው ተባልኩ። የኔ ልጅ አስቸኳይ አይደለችም ማለት ነው። እሺ አልኩ። አንቺ ዘንቢሉን በገመድ ስታወርጂ ብርቱካኑን፣ የቀለም እርሳሱን፣ የምትወደውን ብስኩት አስገባለሁ። ጎረቤቶችሽ ሽንኩርት በሚገዙበት ዘንቢል እኔ ልጅ አሳደግኩበት። ያውም የሰው ልጅ!

ከሁሉ ክሩ ነው ያበገነኝ። «እግሯ አድጎ ይሆናል፤ ልኩን በክር ላኪልኝና ጫማ ልግዛላት» አልኩሽ፤ እናቴ ለእኛ ገበያ ስትወጣ የምታደርገው ነው። አንቺም ቀይ ክር በዘንቢሉ አወረድሽልኝ። ያንን ክር ጫማው ከተገዛ በኋላ እንኳ ከኪሴ አላወጣሁትም። መጋዘን ውስጥ እረፍት ላይ አውጥቼ መዳፌ ላይ እዘረጋውና «ልጄ ይኸን ታህላለች» እያልኩ ለባልደረቦቼ አሳይ ነበር። የናዲያ እግር ነው ለካ። ስትለኪው ምን ታስቢ ነበር?

ፍርሃትሽን አልንቅም። ያኔ ማን ያልፈራ አለ? እናትሽም «ልጅቷን ቶሎ ላኪልኝ» ብለው ጨቅጭቀውሽ ይሆናል፤ አውቃቸዋለሁ። ብትነግሪኝ መጀመሪያ እጮህ ነበር፤ ከዚያ እቀበል ነበር። ልጄ በሕይወት ትቆይ እንጂ መቀሌም ትሁን። አንቺ ግን የእኔን ጩኸት ከመስማት የጎረቤት ልጅ የሣባን ጃኬት አልብሰሽ በረንዳ ላይ ማቆም ቀለለሽ።

«እናቴ እኔ ጋ መጥታለች፤ በሷ ስልክ ደውል» አልሽኝ፤ ስልኩም እናትሽም መቀሌ ነበሩ ለካ። ስደውል ሣባ «አባዬ፣ ዛሬ አየሁህ! ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰሃል» ትለኝ ነበር። የለበስኩት ጥቁር ሹራብ ነው። ከፎቅ ላይ ተምታቶባት ነው ብዬ «አዎ የኔ ቆንጆ፣ ሰማያዊ ነው» አልኳት። ሉዋም፣ ሰባት ዓመቷ ነው! እኔን አንቺ ብትዋሺኝ አልሞትም። እሷን ግን ለምን አስተማርሻት?

በዚያው ቅዳሜ ማታም ደወልኩላት፤ ሁሉን ካወቅሁ በኋላ ማለት ነው። «አባዬ፣ ዛሬም አየሁህ» አለችኝ። ድምጿ ቀጠነብኝ። ምን ልበላት? «እኔም አየሁሽ» አልኩና ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ይህን ውሸት ከትከሻዋ ላይ የምታወርጂላት አንቺ ነሽ። አባትሽ አይቆጣሽም በያት። እውነቴን ነው፣ እሷን አልቆጣም።

አሁን ሰው ወደዚያ እየተመላለሰ ነው፤ አውሮፕላኑም ይበራል፤ ጭነቱን የምጭነው እኔ ነኝ። ለመስቀል ሣባ እዚህ እንድትሆን እፈልጋለሁ። የሰዉን ወሬ ትሰሚያለሽ፤ ይህ ፖለቲካ ምን ይዞ እንደሚመጣ አላውቅም፣ ደስም አላለኝ። መንገዱ ክፍት ሳለ አምጫት። ካላመጣሽ ክስ እመሠርታለሁ። ዛሬም የተቀመጥኩት ማመልከቻ ልጽፍ ነበር፤ እጄ ወደዚህ ወሰደኝ።

ናዲያን እንዳትቆጫት። ጫማውን መልሼ ሰጥቻታለሁ፤ በእሷ እግር የተገዛ ነው። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣሉ?» ስትለኝ «አዎ» ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

አንቺም ማስክሽን አፍንጫሽ ላይ ከፍ አድርጊው። ዘንቢሉን ስታወርጂ ሁልጊዜ ይወርድብሻል፤ ከታች ሆኜ አየዋለሁ። ከስተሻል። አንቺን ከአራተኛ ፎቅ እንዲህ ስለይ ልጄን አለመለየቴ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አዲሱ ዓመት ለእናትሽም ለአንቺም የጤና ይሁን። ተናድጄ ብጽፈውም ምርቃቱ ከልቤ ነው። ክሩን እዚሁ ፖስታ ውስጥ መልሼልሻለሁ። ሣባ ስትመጣ ክር አያስፈልገኝም፤ እግሯን በመዳፌ እለካዋለሁ።

የሣባ አባት
ላጲሶ