ከአራት ፎቶ የወጡ ፊልሞች

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

ጤናህ እንዴት ነው ብዬ እንዳልጀምር ጤናህን ከባለቤትህ አፍ ሰምቼ ጨርሻለሁ። እትዬ ማክሰኞ ደውላ አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ። እኔ ወገቤ ያው እንደ ወትሮው ነው፤ የመጋረጃ ስፌቱም፣ ልጄም ደህና ናቸው። ሰላምታው በዚሁ ይብቃን። ከዚህ በታች ያለው ጠብ ስለሆነ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ሐኪሙ በጉሮሮህ ያለው ነገር ሳይዛመት ተቆርጦ ይውጣ፣ ሲወጣ ግን ድምፅህም አብሮ ይሄዳል አለህ አሉ። አንተ ደግሞ ድምፄን ይዤ እሞታለሁ ብለህ ኮትህን አንጠልጥለህ ወጣህ። እትዬ ይህን የነገረችኝ እያለቀሰች ነው። ስልክ ያልደወልኩልህ ሆን ብዬ ነው። በስልክ ከሆነ አንድ ቀልድ ጣል ታደርግና ታስቀኛለህ፤ ከዘጋሁት በኋላ የደወልኩበትን ጉዳይ ሳላነሳ መቅረቴ ትዝ ይለኝና በራሴ እናደዳለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም።

መጀመሪያ የእሑዱን ጨዋታችንን ልንገርህ። በዚህ ዕድሜዋ ብለህ መሳቅህ አይቀርም፤ ሳቅ። እሑድ ከሰዓት ሱቁን እዘጋና የጨርቅ መቁረጫውን ጠረጴዛ ባዶ አደርገዋለሁ። ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። አንዱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አንዷ ከጎናችን ያለው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ናት፤ ሦስተኛው የድሮ ፊልም ሲነሳ ምግብም የማያስታውስ፣ እኛ ሊቁ እያልን የምንጠራው ጎረምሳ ነው። ጨዋታው ቀላል ነው። እኔ አንድ ታሪክ እጀምራለሁ፤ እነሱ ደግሞ በታሪኩ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ። በሩን ልክፈተው ወይስ ልሽሽ የሚለውን የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን በየፊቱ ቁጥር ያለበት ጠጠር ይጥላሉ፤ ቁጥሩ ካነሰ ጉዳቸው ፈላ።

ሌሎች ሰዎች ታሪኩን ከተዘጋጀ መጽሐፍ ያወጡታል። እኔ የማወጣው አንተ በልጅነቴ ካወራህልኝ ከእነዚያ የሰባዎቹ ፊልሞች ነው። ያኔ ባዶ ወንበር ያያቸው የነበሩትን ዛሬ እንደ ሊቁ ያሉ ሰዎች ማኅበር እንደሚጠጣ ሰው ተሰባስበው ያዩዋቸዋል፤ ቃል በቃል በቃላቸው የያዙም አሉ።

ትሠራበት የነበረው ሲኒማ ቤት ጓሮ ሸራውን ግድግዳ ላይ ወጥረህ የፊልም ማስታወቂያ ስትስል ብሩሽ የማጥብልህ እኔ ነበርኩ። እማዬ ሆስፒታል ገብታ ያልተመለሰችበት ዓመት ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ወደ አንተ እመጣለሁ። አንተም መሰላሉ ላይ ሆነህ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታወራልኛለህ፤ ስትፈልግ ባቡሩን፣ ስትፈልግ ጥርስ የሌለውን ሽማግሌ እየሆንክ። ልጆች አይገቡም ስለሚባል እኔ አንዱንም አላየሁም። ግን ያላየሁ አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው ሰሞን አሸዋ ውስጥ መንገድ የጠፋበትን አውቶቡስ ታሪክ አመጣሁላቸው። ጡረተኛው ሹፌራችን መሪውን ለማንም አልሰጥም ብሎ ገና ከመነሻው ስለ ጎማው ንፋስ ያፋጥጠኝ ጀመር። ጨዋታው ደርቶ ሳለ ሊቁ እጁን አነሳና ቆይ ቆይ፣ ይሄን ፊልም አውቀዋለሁ፣ እንዲህ አይደለም አለ። እኔም ወንድሜ እዚያው ሲኒማ ቤት ሲሠራ አይቶ የነገረኝ ነው፣ አንተ ያኔ አልተወለድክም አልኩት። ድርቅ አልኩ፤ ድርቅናዬ ከማን እንደመጣ ታውቃለህ።

በሳምንቱ ፊልሙን በላፕቶፕ ይዞት መጣ። መጋረጃው መሀል ተደርድረን አየነው። ጋሼ፣ ምን ልበልህ! አውቶቡስ አለ፤ ቀይ ሻርፕ ያደረገች ሴት አለች፤ የተሰነጠቀ መስታወት አለ፤ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ አለ። የተቀረው ሁሉ ሌላ ነው። ሴትየዋ ገና ፊልሙ ሳይሞቅ ትሞታለች፤ ሲያልቅ ደግሞ ከአሸዋው የሚወጣ አንድ ሰው የለም። ሊቁ አላልኩም! ብሎ ሲፈነድቅ እኔ ሀፍረት ያዘኝ። ወዲያው ግን ሸራው ጠርዝ ላይ በልብስ መቆንጠጫ የምትሰካቸው ፎቶዎች ድቅን አሉብኝ። አከፋፋዮቹ ማስታወቂያውን እንድትስልበት ከየፊልሙ አራት አራት ፎቶ ነበር የሚልኩልህ። አውቶቡሱ፣ ሴትየዋ፣ መስታወቱ፣ ሽማግሌው።

ለካ ፊልሙን አላየኸውም። ሌሎቹንም አላየሃቸውም። ማስታወቂያው የሚሰቀለው ፊልሙ ሳይመጣ ነው፤ ፊልሙ ሲመጣና አዳራሹ ሲከፈት ደግሞ አንተ እኔን ይዘህ ወደ ቤት ትሄዳለህ፣ እራት ትሠራልኛለህ። ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት አልገባኝም?

ለሦስቱም ነገርኳቸው። ሊቁ ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ ላፕቶፑን ከደነው። እነዚህን ፊልሞች የምወዳቸው ስለማያባብሉ ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን የወንድምሽን እንጫወት አለኝ። ፋርማሲስቷ የጠየቀችኝ ነው የከበደኝ። በሁሉም ታሪክ ላይ የሄደች ሴት መጨረሻ ላይ ትመለሳለች አለችኝ፤ በአውቶቡሱም፣ በባቡር ጣቢያውም፣ በረዶ በዋጠው ከተማም። ማን ናት አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳትና መቀስ የምፈልግ መስዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። ደግ ልጅ ናት፤ ደግማ አልጠየቀችኝም።

አሁን ወደ ጠባችን ልመለስ። ድምፄ ከሌለ ምን ቀረኝ ብለሃል አሉ። ልጄ ባለፈው እሑድ ሽማግሌውን ሆኜ ስናገር ከጓዳ ሮጣ ወጥታ፣ አጎቴ የመጣ መሰለኝ አለች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የእኔ ናቸው የሚባሉት ድምፆች በሙሉ ያንተ ናቸው፤ የራሴ የሆነ አንድም የለኝም። እዚህ ያለው ድምፅህ ላይ የትኛውም ቢላዋ አይደርስም። ሹፌሩ ስለ ሕመምህ ስነግራቸው ምን እንዳለ ታውቃለህ? እሱ አራት ሥዕል ይሳልልን፣ መለፍለፉን ለእኛ ይተወው። ጠረጴዛው ራስ ላይ ወንበር አስቀምጠውልሃል፤ እኔ ወደ ጎን ተባርሬያለሁ።

ጋሼ፣ እፈራለሁ። አንተም እንደምትፈራ አውቃለሁ፤ የድምፁን ነገር ያመጣኸው ያንን ላለማለት ነው። ቤተሰባችን እማዬ በገባችበት በዚያ ሆስፒታል በር ገብቶ የወጣ ሰው አያውቅም። አንተ ግን በየሳምንቱ አንድ ሰው እያወጣህ አሳድገኸኛል። እውነት እንዳልነበረ አሁን አውቄያለሁ፤ አልተቀየምኩህም። ሐሙስ በቀዶ ጥገናው ቀጠሮህ ላይ ተገኝ። እኔ ረቡዕ እመጣለሁ፤ በሩ ላይ ነው የምቆመው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእውነት፣ ወጥተህ አሳየኝ።

ፈጣሪ የሐኪሙን እጅ ይምራልህ። እትዬን ሳምልኝ፤ የምትልህንም ስማ።

ታናሽ እህትህ